በሶላት ሰዓት ያጠፋሁት ማሽን

ቀኝ እግሬ ላይ፣ ከጣቶቼ ሥር እስከ ቁርጭምጭሚቴ ድረስ፣ የራሴ የሆነ ግን እዚያ ያልበቀለ ቆዳ አለ። ከጭኔ ነው የመጣው። ላዩ ላይ መረብ ተጭኖበት የተነሳ ይመስላል። ብዙ ጊዜ ሰው ፊት ካልሲዬን አላወልቅም ነበር፤ ይህን የምጽፈው ግን አውልቄ ነው። በሰው አገር ተቀምጣችሁ ሕመማችሁን ከቤተሰብ፣ ጥያቄያችሁን ደግሞ ከሐኪም የምትደብቁ እህቶቼ ካላችሁ፣ እኔ በሁለቱም ያለፍኩ ነኝና ስሙኝ።

ሰዓዳ እባላለሁ። አገሬ ወሎ፣ ሐርቡ ነው፤ ሐርጌሳ ከመጣሁ ሰባት ዓመት አልፎኛል። ሼክ ኑር የሚባል ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይተን ከዘይነባ ጋር እንኖራለን። ዘይነባ የከሚሴ ልጅ ናት፤ በየሰው ቤቱ እየዞረች ልብስ ታጥባለች። አፏ አያርፍም፤ እሷ ባትኖር ግን ዛሬ በሁለት እግሬ የምቆም አይመስለኝም። እኔ የምሠራው ጋአን ሊባህ ሰፈር፣ ኢዶ ሰህራ ምግብ ቤት ነው። ኢዶ በሶማልኛ አክስት ማለት ነው፤ ሰፈሩ በሙሉ እንደዚያ ይጠራቸዋል።

እናቴ ሐርቡ ናት። ስወጣ መነኸሪያ ድረስ ሸኝታኝ፣ መኪናው ሊንቀሳቀስ ሲል በመስኮቱ በኩል እጄን ይዛ፣ «ስትመለሺ እግርሽን የማጥብሽ እኔ ነኝ፤ ለማንም አልሰጥም» አለችኝ። እኛ አገር ከሩቅ መንገድ የገባ ሰው ሳይበላ፣ ሳይጠጣ፣ መጀመሪያ እግሩ ይታጠባል። ከዚያ ወዲህ ስልክ በደወልኩ ቁጥር የምትዘጋው በዚሁ ነው። «እግርሽን ሳላጥብ እንዳልሞት ዱዓ አድርጊልኝ» ትለኛለች። ዓይኗን ሞራ ጋርዶባታል፣ ጉልበቷም ደክሟል። ዘንድሮ ለዓረፋ እመጣለሁ ብዬ ቃል ሰጥቼያት ነበር። ናፍቆት ሲበዛ ሰው የመንገዱን ከተሞች በቃሉ ይደግማል፤ እኔም ሳምቡሳ እየጠቀለልኩ የጠረፉን ውጫሌ፣ ጅግጅጋ፣ ሐረር፣ አዋሽ እያልኩ እቆጥር ነበር።

ረመዳን አጋማሽ ላይ፣ የዐስር ሶላት ካለፈ በኋላ ነው። ሰው ለማፍጠሪያ ሳምቡሳ ሊገዛ በሩ ላይ ተጨናንቋል። የዘይቱን ድስት ከአንዱ ምድጃ ወደ ሌላው ለማዛወር ሁለት ሰው ያስፈልግ ነበር። እኔ ግን ማን ይጠብቃል ብዬ ብቻዬን አነሳሁት። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩት ግን የሚለቀም አልነበረም። የድስቱ አንደኛው ጆሮ ከጨርቁ አመለጠኝና የፈላው ዘይት ቀኝ እግሬ ላይ ተገለበጠ። የፕላስቲክ ነጠላ ጫማዬ ማሰሪያ ቆዳዬ ላይ ቀለጠ።

ኢዶ ሰህራ ሮጠው ባልዲ ውሃ አፈሰሱብኝ፤ ሐኪሞቹ በኋላ እንደነገሩኝ ያን ቀን ከተደረገልኝ ሁሉ ትክክለኛው ነገር እሱ ብቻ ነበር። የሕመም ማስታገሻ ክኒን ይዘው ቢለምኑኝ፣ «ለአዛን አንድ ሰዓት ነው የቀረው፣ ጾሜን አልፈታም» ብዬ ጥርሴን ነክሼ ቁጭ አልኩ። ቤት ስገባ ዘይነባ አንድ ሙሉ የጥርስ ሳሙና ቀባችኝ። በማግስቱ ፋርማሲ ሄድን፤ አንድ ቅባት ሰጡኝ። በሳምንቱ አንድ ክሊኒክ ገባን፤ ያየኝ ሰውዬ «ላይ ላዩን ነው፣ ይደርቃል» ብሎ በፋሻ ጠቅልሎ ላከኝ። ሁለተኛው ክሊኒክ መርፌ ወጋኝ።

የሚገርመው፣ መሐሉን አላመመኝም። ዳር ዳሩ ያቃጥላል፤ መሐሉ ግን ነጥቶ፣ እንደ ደረቀ ቆዳ ጠንክሮ፣ ብነካውም አይሰማኝም። እኔም ዳንኩ ብዬ የምስጋና ሱጁድ ወረድኩ። ይህን ልብ በሉልኝ፦ ቃጠሎ ሳያም ሲቀር ድኗል ማለት አይደለም። ሕመሙን የሚያሰማው ነርቭ ራሱ ተቃጥሎ ሲሞት ነው ዝም የሚለው። ይህን የነገረኝ ሰው ያገኘሁት ኢድ አልፎ ሁለት ሳምንት ከሆነው በኋላ ነበር።

ሐኪም ቤት የወሰደኝም ሽታው ነው። አንድ ቀን ዘይነባ ከሥራ ገብታ፣ «ክፍሉ ውስጥ አይጥ ሞታለች» አለች። ፍራሹን አነሳን፣ ሳጥኖቹን አወጣን፣ ከቁም ሣጥኑ ኋላ በባትሪ አየን። እኔ በአንድ እግሬ እያነከስኩ ከእሷ ጋር እፈልጋለሁ። ከዚያ ዘይነባ ባትሪውን እንደያዘች ቀና ብላ እግሬን አየች። ፍለጋውን ተወችው። ጅልባቤን አቀበለችኝና ባጃጅ ልትጠራ ወጣች።

የሐኪም ቤቱ ተራ መጠበቂያ ረጅም አግዳሚ ነበረው። ከጠዋት እስከ ዙሁር ተቀመጥን። ሶማልኛዬ የገበያ ነው፤ ዋጋ ለመከራከር እንጂ ሕመም ለማስረዳት አይበቃም። አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት እግሬን ሳንጠለጥለው አይተው፣ ልብሳቸውን የያዙበትን ዘንቢል መሬት ላይ አስተካክለው ተረከዜን አሳረፉበት። ተጠርተው ሲሄዱም አልወሰዱትም፤ እኔ ስጠራ መጥተው ወሰዱት።

ዶክተሩ ወጣት ነው፤ ከእኔ ሳያንስ አይቀርም። ከአጠገቡ የነበረችው ነርስ ሆዳን ትባላለች። ተወላጅነቷ ሐርጌሳ ሆኖ ያደገችው ድሬዳዋ ነው፤ አማርኛዋ እንደ ድሬ ልጅ አቦ ይበዛዋል። ዶክተሩ የተናገረውን ስትሰማ ፊቷ ተለወጠና ወደ እኔ ዞረች።

«አቦ ሰዓዳ፣ እውነቱን ልንገርሽ። ቃጠሎው ጥልቅ ነው። የሞተው ሥጋ ተጠርጎ ይወጣል። ከዚያ ከጭንሽ ስስ ቆዳ ተልጦ እዚያ ላይ ይተከላል።»

«ባይተከልስ?»

«እንዲሁ ከተተወ ቁርጭምጭሚትሽ እየተኮማተረ ይደርቃል፤ እግርሽን ማጠፍ ያቅትሻል። ቁስሉ ከባሰ ደግሞ…» አለችና ዶክተሩን አየችው። አልጨረሰችውም፤ እኔም ጨርሺው አላልኳትም።

ወጪውን ኢዶ ሰህራና የሼክ ኑር የአገራችን ልጆች ተባብረው ቻሉልኝ፤ አላህ ይክፈላቸው። ቁስሉ ተጠረገ፣ ሳምንት ያህል እየታጠበ ቆየና ኦፕሬሽን ገባሁ። ስነቃ እግሬ ላይ ጥቁር ስፖንጅ፣ በስፖንጁ ላይ ቆዳዬን ሁሉ የያዘ ስስ ፕላስቲክ፣ ከፕላስቲኩ የሚወጣ ቱቦ፣ በቱቦው ጫፍ ደግሞ አልጋዬ ሥር የተቀመጠች ትንሽ ማሽን አገኘሁ። ማሽኗ ያለማቋረጥ ታጉረመርማለች። ከጎኗ እንደ ጠርሙስ ያለ ዕቃ አላት፤ ከእግሬ የሚመጠጠው ደምና ውሃ እዚያ ይጠራቀማል።

ሆዳን ቁጭ ብላ አስረዳችኝ። የተተከለ ቆዳ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ሥር የለውም፤ ከታች ካለው ሥጋ ጋር ገና አልተዋወቀም። ትንሽ ከተንሸራተተ ወይም ከሥሩ ውሃና ደም ከቋጠረ ይነሳና ይሞታል። ቁርጭምጭሚት ደግሞ ሲንቀሳቀስ የሚውል ቦታ ነው። ማሽኗ አየሩን ስትስብ ስፖንጁ ይጨመቅና ቆዳውን ከሥጋው ጋር አጣብቆ ይይዘዋል፤ ከሥር የሚቋጠረውንም ትመጥጠዋለች። ቆዳውም ሆን ተብሎ እንደ መረብ የተበሳው ለዚሁ ነው። «አምስት ቀን፣» አለችኝ፣ «አምስት ቀን ሳይከፈት፣ እግርሽ ትራስ ላይ ከፍ እንዳለ፣ ማሽኑም እንደሠራ። ሐኪም ቤታችን ያለው ይኸው አንድ ነው፤ ተራ ጠብቀሽ ነው ያገኘሽው።»

ከሁሉ ያመመኝ ጭኔ ነበር። የተሰጠው እግሬ ዝም ሲል የሰጠው ጭኔ ሌት ተቀን ይነድዳል። እናቴ ትዝ ትለኝ ነበር።

በኦፕሬሽኑ ማግስት ደወለች። ላለማንሳት አሰብኩ፤ ግን ካላነሳሁ ትጨነቃለች። ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ ድምፄን የገበያ ድምፅ አድርጌ አነሳሁት።

«ሰዓዳዬ፣ ምንድን ነው ከኋላሽ የሚያጉረመርመው?»

«ፍሪጅ ነው እማ። ኢዶ ሰህራ አዲስ ፍሪጅ ገዙ።»

«ማሻአላህ። ለዓረፋ መኪና ያዝሽ?»

«ኢንሻአላህ፣ እይዛለሁ።»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ስልኩን ዘግቼ ትራሱን አፌ ላይ አድርጌ አለቀስኩ። ከዘይትም፣ ከመርፌም በላይ የጎዳኝ ያ ውሸት ነው። እሷ እግሬን ለማጠብ ቀን ትቆጥራለች፣ እኔ የምታጥበው እግር መትረፉን አላውቅም።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ማሽኗን አየኋት፤ በቱቦው ውስጥ ደም ይሄዳል፣ በጠርሙሱ ደም ሞልቷል፣ ያ ሁሉ ከእኔ ጋር ተያይዟል። ልጅ ሆኜ ቁርኣን ቤት የተማርኩት ደም ነጃሳ፣ ርኩስ መሆኑን ነው፤ ነጃሳ የተሸከመ ሰው ደግሞ አይሰግድም። ሶላቴን ልተው? ያን ጊዜ ከዱዓ በቀር ምን ነበረኝ? እናቴ ሳታየኝ እንዳትሞት፣ እግሬም ለእሷ እንዲተርፍ የምለምነው በሱጁድ ነበር። ሆዳንን መጠየቅ ነበረብኝ። ግን አፈርኩ፤ ሐርጌሳ ከተማ፣ ሙስሊም ሐኪም ቤት ተኝታ ይህን የማታውቅ ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። እሷም ለሁለት ቀን እረፍት ወጥታ ነበር፤ ሌሎቹ አማርኛ አይችሉም።

አንዴ ማሽኗ ስትጮህ አንዲት ነርስ ቁልፏን ተጭና አጥፍታ ስታበራት አይቻለሁ። በቃ፣ ተማርኩ። አዛን ሲል ቁልፏን ተጭኜ አጠፋታለሁ። ስፖንጁ ሲጨመቅ ከርሞ ድንገት እንደ ሊጥ ኩፍ ይላል። ቱቦውን ከመጋጠሚያው ነቅዬ፣ ጠርሙሱን ወደዚያ ገፋ አድርጌ ውዱእ እይዛለሁ፤ እግር መታጠብ አለበትና በፕላስቲኩ ዳር ዳር ተረከዜን ውሃ አስነካዋለሁ። ከዚያ እግሬን አንጠልጥዬ ወንበር ላይ ወደ ቂብላ ዞሬ እሰግዳለሁ። ዱዓዬ ረጅም ነው። ስጨርስ ቱቦውን መልሼ ማሽኗን አበራታለሁ፤ ስፖንጁም ይኮማተራል። በቀን አምስት ጊዜ። ንጹሕ ሆኜ መስገዴ ደስ ብሎኝ ነበር፤ እዋሻችኋለሁ? በጣም ደስ ብሎኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሆዳን ተመለሰች። ከፕላስቲኩ ዳር፣ ተረከዜ አካባቢ፣ ቀጭን ፉጨት ሰማችና ጎንበስ አለች። ውሃው ማጣበቂያውን አላቆት አየር ይገባል። ከዚያ የማሽኗን መስኮት ነካካች። ለካ ማሽኗ የሠራችበትን ሰዓት ትቆጥራለች።

«ከሰባት ሰዓት በላይ ይጎድላል» አለች። ቀስ ብላ ዘይነባን አየቻት። ዘይነባ የማሽኗን ሶኬት እየነቀለች ስልኳን ቻርጅ ታደርግ ነበር፤ ሆዳን እረፍት ሳትወጣ ሁለት ጊዜ ተቆጥታታለች። «አንቺ ነሽ አይደል? ባትሪው እስኪያልቅ ነቅለሽ ትተሽው ነው?»

«ወላሂ እኔ አይደለሁም!»

«ታዲያ ማን ነው? የሰው እግር በስልክ ትቀይሪያለሽ?»

ዘይነባ፣ ያች አፏ የማያርፍ ልጅ፣ ሻርፗን ወደ ፊቷ ሳበች። ዓይኗ እንባ ሞላ። ሥራዋን ትታ ስታስታምመኝ የሰነበተች እሷ ናት፤ እኔም ለትንሽ ጊዜ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ጥፋቱን ለእሷ ተውኩት። ብናገር ማሽኗን ነቅለው ለሌላ ሰው የሚሰጡብኝ መሰለኝ። ከዚያ የዘይነባን ፊት ማየት አልቻልኩም።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ለሶላት ነው።»

ሆዳን ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለችና ግንባሯን ያዘች።

«አቦ ሰዓዳ፣ ለምን አልጠየቅሽም? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል አልሰማሽም? በቀን ከሁለት ሰዓት በላይ መጥፋት የለበትም። ባለ ዑዝር ነሽ እኮ፣ ችግር ያለብሽ ነሽ፤ እንዳለሽ ስገጂ። አላህ ከአቅም በላይ አያስገድድም።»

ዶክተሩ ተጠራ። አሸተተ፣ ትኩሳቴን ለካ፣ በፕላስቲኩ ላይ ሌላ ፕላስቲክ ደርቦ ፉጨቱን ዘጋ። አሁን ቢከፈት የያዘውንም ቆዳ ሊያነሳው ስለሚችል ቀኑ እስኪደርስ እንጠብቅ አለ። ቆዳው ይያዝ አይያዝ አላውቅም ማለቱን ሆዳን ሳትተረጉምልኝ ገባኝ።

ችኮ ነኝ፤ የሆዳንን ቃል ልቤ አልቀበል አለ። ነርስ ለማሽኗ ታደላለች ብዬ አሰብኩ። እናቴ ደግሞ በልጅነቷ ከመጋረጃ ኋላ ተቀምጣ ከሼኾች የተማረች ናት፤ የሰፈሩ ሴት ሁሉ የሚጠይቀው እሷን ነው። ዙሁር ሳይደርስ ደወልኩላት።

«እማ፣ አንዲት ጎረቤቴ ታማ ሐኪም ቤት ተኝታለች። ደም የሚመጥጥ ማሽን ታስሮባታል። እንዴት ትስገድ?»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዋ ስታዞር ተሰማኝ።

«ማሽኑ ድምፅ አለው?» አለችኝ።

«ትንሽ… ያጉረመርማል።»

ድምፅዋ ለስለስ አለ።

«ንገሪያት፤ ወቅቱ ሲገባ ውዱእ ትያዝ፣ የታመመውን ቦታ በማሰሪያው ላይ በእርጥብ እጇ ታብስ። ያ ነገር እንደታሰረባት ትስገድ። መቆም ካቃታት ቁጭ ብላ፣ ቁጭ ማለት ካቃታት ጋደም ብላ። ደሟ የማይቆምላት ሴት ትሰግድ የለ? እሷስ ምን በደለች? ማሽኑን ግን እንዳትነካው። ራሷን ብትጎዳ አላህ ይጠይቃታል፤ እናቷም ትጠይቃታለች በያት።»

«እሺ እማ።»

«አብሽሪ በያት።»

እናቴ ለሰው ዱዓ ስታደርግ የሰውየውንም የእናቱንም ስም ትጠይቃለች። የዚያን ቀን ስም አልጠየቀችም፤ እኔም ልብ አላልኩም። ዙሁርን ጋደም ብዬ ሰገድኩ፣ ማሽኗ ከጎኔ እያጉረመረመች፣ ጠርሙሱ ከነደሙ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቱቦው አላስጠላኝም።

ሁለቱን ቀናት እንዴት እንዳለፍኳቸው አልናገርም። ማታ ማታ መብራት ሲጠፋ ማሽኗ ወደ ባትሪ ስትዞር አንድ ጊዜ ጢጥ ትላለች፤ በዚያች ጢጥታ ሁሉ ቀና ብዬ አያታለሁ። ማሽኗን ለማጥፋት ያልፈራሁ ሴት፣ አሁን እንዳትጠፋ ትራሴ ላይ ሆኜ እጠብቃታለሁ። ዘይነባ ስልኳን ከዚያ ወዲህ ዋርዱ በር ላይ ቆማ ነው ቻርጅ የምታደርገው።

በአምስተኛው ቀን ፕላስቲኩ ተላጠ፣ ስፖንጁ ቀስ ተብሎ በጨው ውሃ እየራሰ ተነሳ። እኔ ኮርኒሱን ነው ያየሁት። ዘይነባን፣ «አንቺ እይልኝ» አልኳት።

«ሮዝ ነው» አለች። «ሰዓዳ፣ ሮዝ ነው! ቀይ ሮዝ!» ከዚያ ድምፅዋ ወረደ። «አንድ ቦታ ግን…»

የእግሬን ጀርባ ሙሉ በሙሉ ይዞታል። ቁርጭምጭሚቴ መታጠፊያ ላይ ግን፣ ውሃው የገባበት፣ በእኔ ሶላት ሰዓት ከሥሩ ደም የቋጠረበት ቦታ፣ ሁለት ቴምር ጎን ለጎን ቢቀመጡ የሚሸፍኑት ያህል ጠቁሯል። ዶክተሩ የሞተውን ቆርጦ አነሳ። እንደገና መትከል ሳያስፈልግ ከዳር እየሞላ ሊድን ይችላል፣ ጊዜ ግን ይወስዳል አለ።

ያ የሁለት ቴምር ቦታ ነው ዓረፋን የወሰደብኝ። በየሁለት ቀኑ ባጃጅ ይዤ ፋሻ ለማስቀየር፣ ለድሬሲንግ እመላለስ ነበር። ዘንድሮ አልመጣም ለማለት የደወልኩ ቀን ኢዶ ሰህራ ፈቃድ ከለከሉኝ ብዬ ዋሸሁ፤ ሐኪም ቤት ድረስ እየመጡ የሚጠይቁኝን ሴትዮ ስም አጠፋሁ። እናቴ አልተከራከረችም።

«ይሁን፤ ለመውሊድ ትመጫለሽ። ያች ጎረቤትሽ እንዴት ሆነች?»

«ደህና ናት፤ ትንሽ ይቀራታል።»

«እስክትድን ሰኞና ሐሙስ እየጾምኩላት ነው።»

«እማ! በዚህ እድሜሽ? ለማታውቂያት ሰው?»

«የአላህ ባሪያ አይደለችም? ስትድን ንገሪኝ፤ ያኔ እተወዋለሁ።»

ከዚያ በኋላ በየስልኩ ስለዚያች ጎረቤት ትጠይቀኛለች። ውሸቴ አድጎ የራሱ ጤና፣ የራሱ ድሬሲንግ ኖረው። ድናለች ብዬ እንዳላስቆማት፣ ቁስሉ ገና ነው፤ በእናቴ ጾም ላይ መዋሸት ደግሞ አልደፈርኩም። ሰኞና ሐሙስ ሲመጣ እኔም ምግብ አልወርድ ይለኝ ነበር።

ቁስሉ ሲዘጋ ሆዳን እግሬን ማጠፍ አስጀመረችኝ። ቆዳው ይሳባል፣ ያቃጥላል፣ በቅባት ይታሻል፣ ጠባብ ካልሲ ይለበሳል። መቆም ቻልኩ፣ መራመድ ቻልኩ። ከሱጁድ በኋላ የእግር ጣትን አጥፎ መቀመጥ ግን የመጨረሻው ነበር። አንድ ጁምዓ ጠዋት፣ ቤቴ ውስጥ፣ ግንባሬ መሬት ነካ፤ ስነሳም ቁርጭምጭሚቴ ታጠፈልኝ። እዚያው ተደፍቼ ቀረሁ። ዘይነባ የወደቅኩ መስሏት ሮጣ መጣች። ያን ያህል ጊዜ የናፈቀኝ መሬት ነበር ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? ሲሚንቶ ነው፤ አቧራ አለው። ናፍቆኝ ነበር።

ለመውሊድ ሄድኩ። የቆጠርኳቸውን ከተሞች አንድ በአንድ አለፍኩ፤ ውጫሌ፣ ጅግጅጋ፣ ሐረር፣ አዋሽ። በየማረፊያው ወርጄ እግሬን ከፍ አድርጌ እቀመጥ ነበር፤ ያብጣል። ሐርቡ የገባሁት ረቡዕ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። እናቴ በሩ ላይ ነበረች። አቅፋኝ ብዙ ቆየች። ቁመቴን፣ ትከሻዬን፣ ፊቴን በእጇ ለካች፤ ዓይኗ ከበፊቱ ብሶበታል። በልቤ፣ እንግዲያው አታየውም አልኩ። እጅ እንደሚያይ ረስቼ።

ሳፋውን አምጥታ፣ ለብ ያለ ውሃ ሞልታ፣ እኔን ዱካ ላይ አስቀምጣ እሷ መሬት ቁጭ አለች።

«እማ ዛሬ ይቅር፣ ደክሞሻል።»

«ሰባት ዓመት የጠበቅኩትን?»

ግራ እግሬን አጠበች። ጣቶቼን አንድ በአንድ፣ ተረከዜን፣ ልክ ልጅ ሆኜ እንደምታደርገው። ከዚያ ቀኙን አነሳችና ካልሲዬን ራሷ አወለቀችው። አውራ ጣቷ ቆዳው ላይ ሲያርፍ ቆመ። ጣቷ ከጣቶቼ ሥር ተነስቶ መረቡን ተከትሎ ቀስ እያለ ወጣ፣ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ደረሰ፣ የሁለት ቴምሩን ጠባሳ ዞረው፤ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። ቁርጭምጭሚቴን ይዛ እጥፍ ዘርጋ አደረገችው። ታጠፈላት።

ልቅሶ ጠበቅኩ። ቁጣም ጠበቅኩ። እሷ ውሃ በእፍኟ እየቀዳች አፈሰሰችበት፤ በሻርፗ ጫፍ አደረቀችው፤ ሲደርቅም ጭኗ ላይ አስቀመጠችው እንጂ አለቀቀችውም።

«ነገ ሐሙስ ነው አይደል?» አለችኝ።

«አዎ እማ።»

«እንግዲህ ጎረቤትሽ ድናለች። ቁርስ አብረን እንበላለን።»